አስራ አራት ናቸው

«ተመራማሪዋ በሞት በመለየታቸው፣ በክፍል ሰባት የሚገኙት ሦስት ገንዳዎች እስከ ዓርብ ተደፍተው ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ተወስኗል።»

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ቃል በቃል ነው ያነበብኩት። እማማ፣ በልጅዎ መቃብር ላይ ይህን በማንበቤ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የጎረቤት ክፍል ኬሚስት ነኝ። ዛሬ ጠዋት የገንዳዎቿን ውሃ ልቀይርላት ስሄድ በሯ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። አስከሬኗ ገና ከቤት ሳይወጣ።

«ተደፍተው» ይላል። ምኑ ነው የሚደፋው?

ገንዳዎቹ ውስጥ ያለው ኮራል ነው፤ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እጮቹ ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ። ዋኝተው ዋኝተው ቦታ ይመርጣሉ፤ አንዴ ከተጣበቁ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ናቸው። ውሃው ሲሞቅ ግን መምረጥ ያቅታቸዋል። ሲዞሩ ቆይተው ይሞታሉ። በሙቀት የሚጣበቁ እጮች ይኖሩ ይሆን? አስራ አንድ ዓመት የጠየቀችው ይህንን ነው።

አንድ ቀን ሁለት መቶ አስራ ሁለት እጭ ቆጥሬ ሰጠኋት። መዝገቧ ላይ ያለው ግን በአንድ ይበልጣል።

«አንዷስ?»

«እባክሽ፣ አንዷ ብትጎድል ምን ይመጣል?»

«አንተስ ብትጎድል ምን ይመጣል? ፈልግ!»

ምሳ አለፈን። የመምጠጫዋ ቱቦ፣ የፒፔቱ ጫፍ ላይ ተለጥፋ አገኘናት። «በል ይቅርታ ጠይቃት» አለችኝ። ጠየቅኩ! ሃምሳ የሞላኝ ሰውዬ።

ጥበቃችን እዚያ ቆሟል። «ቴርሞሜትር» ነበር የሚላት። «ቴርሞሜትር፣ ዛሬስ ስንት ዲግሪ ነኝ?» ሲላት ግንባሩን ነካ አድርጋ «ትኖራለህ» ትለው ነበር።

ከእሱና ከእኔ ሌላ ክፍል ሰባት ማን ገባ? ማን «እንዴት ዋልሽ» አላት? አንድ ወንበር ብቻ ነበራት። እኔ ስመጣ ወንበሩን ለእኔ ለቅቃ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጣለች። ዛሬም ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ባልዲው እንደተገለበጠ ነው።

ሦስተኛው ገንዳ ሙቁ ነው። መብራት አብርቼ አየሁ። እጮቹ ተጣብቀዋል። ሰምታችኋል? በሙቅ ውሃ ውስጥ ተጣብቀዋል። በሞት ሁለት ቀን ብቻ ቀደመቻቸው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ከኋላ ቆመው አይቼዎታለሁ። ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ገንዳዎቹ እንደማይነኩ፣ በዚያው ፊርማ፣ እስከ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በቃል አልቀበልም። እሷም በቃል አትቀበልም ነበር።

አንቺ ግን ሂጂ፣ እህቴ። ውሃውን ቀይሬያለሁ። የተጣበቁት አስራ አራት ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ።