ያላለቀሰችው ምራት

«ዘንድሮስ ውርጩ ገብሱን ማረልን፣ አይደል ጌታነሽ? እሰይ... በይ እስቲ ጠጋ በይ፣ ፀሐዩን እንካፈል።»

አስካለ ማርያም ሞላሌ ገበያ፣ የበግ ጠጉር ተራ፣ ከጎረቤቷ ጋር ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የልጇ የፀሐይወርቅ የቀድሞ አማት ጠጉር የሚመርጡ መስለው ቆመዋል፤ ትናንት «ምራቴን መልሱልኝ» ብለው ሽማግሌ የላኩት እሳቸው ናቸው። አስካለ አይታቸዋለች። እንዳላየች ሆና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«የልጄ ያጎት ልጅ ገሠሠ ካዲስ አበባ ምን ይዞ እንደመጣ ሰማሽ? ቡና ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ቢያይ... የኔዋ ፀሐይወርቅ! በድራማ ባሏ የሞተባት ሴት ሆና ስታለቅስ ቤቱ ሁሉ አብሯት ይነፋረቃል። ገሠሠ፣ ሞኙ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን ሣጥን «እግዜር ያጥናሽ» አላለው መሰለሽ! መንገድ ስትወጣ ሕዝቡ ይከተላታል አሉ። ማን አሰበው?

አንዲት ደግ እናት ግን ሳያስቡት አልቀሩም። በባላቸው ለቅሶ ላይ «ምራቴ ዓይነ ደረቅ ናት፣ አላለቀሰችም» ብለው ባርባው ማግስት መለሱልኝ። ምን ያጥፉ? ልጅቷ ለለቅሶተኛው ስትፈጭ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ለዕንባ ጊዜ አጣች። እሳቸው ግን እንዴት ያምርባቸው ነበር! ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በነጠላው ሥር ማን እንዳላለቀሰ ይለቅማሉ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያነቃል? ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያላለቀሰች ምራት ጎጆ እንደማታገኝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ልቀየም? የናቁት ወንድ ያስረግዛል፤ የናቋት ሴት ደግሞ በቴሌቪዥን ትወጣለች። እሳቸው ባያባርሯት አዲስ አበባም አትሄድ፣ ይኸኔ እበት ትዝቅ ነበር። ዛሬ «ልጄ» ይሏታል አሉ... ልጃቸውም ሚስቱ ናፍቃው እንቅልፍ አጥቷል። ይገርማል፣ ናፍቆቱ ከገሠሠ ጋር ባንድ አውቶቡስ መጣ!»

ከኋላ ጠጉር መምረጡ ቆመ። አስካለ ማርያም እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ለሽማግሌዎቹ ምን እመልሳለሁ? ምርቃት ነው እንጂ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ቀናቸው ሲደርስ ደግሞ የኔዋን ካለችበት አስጠራታለሁ፤ መጥታ ታልቅስላቸው። አሁንማ የማታውቀውን ሰው አስተኝተው «አልቅሺ» ሲሏት እንኳ ዕንባዋ ዱብ ዱብ ይላል... ደግሞስ፣ ከእሷ ሌላ ማን ያለቅስላቸዋል? አሜን በይ እንጂ፣ ጌታነሽ።»