የማይታመም ኮምፒውተር

(እሑድ ከምሳ በኋላ፤ ከካርታ ሥራ ጡረታ የወጡት ጋሽ ክፍሉ ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን በሚኖሩበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ከአራተኛ ፎቅ የወረደችው ጎረቤታቸው ኤፍራታ ኮምፒውተሩ ፊት ፍላሽ ይዛ ተቀምጣለች፤ እሳቸው ደግሞ የኮምፒውተሩን ስፒና ከግድግዳው ነቅለው በእጃቸው ጨብጠዋል።)

ኤፍራታ፦ ጋሼ፣ በናትዎ ስፒናውን ይስጡኝ።

ጋሽ ክፍሉ፦ አልሰጥም።

ኤፍራታ፦ ያለ መብራት እንዴት አድርጌ ልጫነው?

ጋሽ ክፍሉ፦ እኔስ የምልሽ እሱን አይደል? አትጫኚው። እንደ ወትሮው ቫይረሱን አጥፊልኝ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ትንሽ እንጫወትና ትሄጃለሽ።

ኤፍራታ፦ ባለፈው እሑድ አጠፋሁ። በዚያኛውም እሑድ አጠፋሁ። አሁን ስከፍተው ይኸው ደግሞ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ተደርድሯል።

ጋሽ ክፍሉ፦ ብርቱ ቫይረስ ነዋ! እኔ ምን ላድርገው?

ኤፍራታ፦ ይኼ ዊንዶው ከየት እንደተገለበጠ የማይታወቅ፣ ታድሶ የማያውቅ ቅጂ ነው። ማንም ገፋ አድርጎት ይገባል። በእሱ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ከጫንኩልዎ ግን ይገላገላሉ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ስሙ ራሱ የሳል ሽሮፕ ይመስላል።

ኤፍራታ፦ ይምሰል። በነፃ ነው።

ጋሽ ክፍሉ፦ በነፃ? ማን ነው እንዲህ ደግ?

ኤፍራታ፦ ብዙ ሰዎች ናቸው። በየሀገሩ፣ በየቤታቸው ተቀምጠው የሠሩት ነው። አብዛኞቹ እርስ በርስ እንኳን ተያይተው አያውቁም።

ጋሽ ክፍሉ፦ ሰው የላቸውም እንዴ?

ኤፍራታ፦ እንዴት?

ጋሽ ክፍሉ፦ ሥራ ውሎ ቤቱ የገባ ሰው፣ ለማያውቀው ሽማግሌ ኮምፒውተር ሲለፋ የሚያመሸው የሚያወራው ቢኖረው ነው?

ኤፍራታ፦ ሥራውን ስለሚወዱት ነው፣ ጋሼ። ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ አይቶ፣ የጎደለ ካለ ማስተካከል ይችላል።

ጋሽ ክፍሉ፦ ማንም?

ኤፍራታ፦ ማንም።

ጋሽ ክፍሉ፦ እንግዲያው «ክፍት ነው» ብለሽ ቤቴ በር ላይ ለጥፊልኝ። ምናልባት አንድ ሰው ይገባ ይሆናል።

ኤፍራታ፦ አሁን ስፒናውን ይሰጡኛል?

ጋሽ ክፍሉ፦ ቆይ። የካርታ ጨዋታዬስ? ለብቻ የሚጫወቱት?

ኤፍራታ፦ አለው። እንዲያውም ብዙ ዓይነት።

ጋሽ ክፍሉ፦ ብዙ ዓይነት ለብቻ? አማርኛስ ይጽፋል?

ኤፍራታ፦ ይጽፋል። ፎቶዎቹንም ገልብጫቸዋለሁ፤ የእትዬ ወይንሸትም አንድ ሳይቀር አለ። ሌላ ምክንያት ካለዎት አሁኑኑ ያውጡት።

ጋሽ ክፍሉ፦ ምክንያት አይደለም እኮ። ለምጄዋለሁ። ሰው የለመደውን ዕቃ...

ኤፍራታ፦ ጋሼ፣ ከቤዛ ጋር ተገናኝተን ነበር።

ጋሽ ክፍሉ፦ የቷ ቤዛ?

ኤፍራታ፦ ታች ያለችው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ።

ጋሽ ክፍሉ፦ እ... ደህና ናት?

ኤፍራታ፦ ደህና ናት። «እኚያ ጋሼ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፣ «ሰካ አድርጊና መልሺልኝ» ይላሉ፣ አንድ ወረቀት ሳያትሙ ይሄዳሉ አለችኝ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ሰላም ልላት ነዋ የምገባው።

ኤፍራታ፦ በፍላሽ ነው ሰላም የሚሏት? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን! ተማሪዎቹ እንኳን እዚያ ሰክተው የመጡትን ፍላሽ ከቤታቸው አያስገቡም። እርስዎ ሆነ ብለው ቫይረስ ሊያስይዙት ይወስዱታል?

ጋሽ ክፍሉ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ኤፍራታ፦ ይስማ! ለምን?

ጋሽ ክፍሉ፦ አየሽ፣ በእኛ አገር ሰው የሚጠየቀው ሲታመም ነው። ታሞ የተኛ ሰው ቤት ወንበር አይገኝም። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ «እግዜር ይማርህ» ባዩ። ደህና ሰው ግን ማን ያንኳኳበታል? መጀመሪያ ራሴ ልታመም አስቤ ነበር።

ኤፍራታ፦ ጋሼ!

ጋሽ ክፍሉ፦ ሟርት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ደግሞ ሐኪም ቤት ይወስዱኛል። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን ላሳምመው ያልኩት። እሱ ምን ይጎዳል? ታመመ፣ አንቺ መጣሽ፣ ጠየቅሽው፣ ዳነ። በማግስቱ ደግሞ ቤቱ ያው ነው። ማታ ዜና አንባቢዋ «እንደምን አመሻችሁ?» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አመሸሽ?» እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳን መልሳልኝ አታውቅም። ባለጌ ናት። ሳቂ እንጂ፣ እንድትስቂ እኮ ነው የነገርኩሽ።

ኤፍራታ፦ ይኼ ፍላሽ መጀመሪያ እዚህ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ጋሽ ክፍሉ፦ የትኛው? የሳል ሽሮፑ?

ኤፍራታ፦ አዎ። ያን ዕለት ጭኜልዎ ብሄድ ኖሮ ያልቅ ነበር።

ጋሽ ክፍሉ፦ ታዲያ ምን ያዘሽ?

ኤፍራታ፦ ከጫንኩት በኋላ እሑድ እሑድ የት ልሂድ? ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ የሰው ልብስ ሲሰጣ ማየት እስኪሰለቸኝ አይቻለሁ። መሥሪያ ቤት ዓርብ «ደህና ዋይ» ያሉኝ ሰዎች ሰኞ ነው መልሰው የሚያስታውሱኝ። ቫይረሱ እየተመለሰ ሲመጣ... ደስ ይለኝ ነበር። እርስዎ እያመጡት መሆኑን አላወቅኩማ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ሁለታችንም አንድ ምስኪን ማሽን ስናንገላታ ከረምን በይኛ!

ኤፍራታ፦ እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ክፍሉ፦ ታዲያ ምን ችግር አለ? ተስማማን ማለት ነው። ፍላሹን መልሰሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፣ ሻይ ልጣድ።

ኤፍራታ፦ ዛሬ መጫን አለብኝ፣ ጋሼ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ለምን ዛሬ?

ኤፍራታ፦ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ድሬዳዋ። ሐሙስ እሄዳለሁ። ማንም ሳይነካካው ብቻውን የሚሠራ ነገር ትቼልዎት ልሂድ ብዬ ነው።

ጋሽ ክፍሉ፦ ሐሙስ።

ኤፍራታ፦ ሐሙስ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ድሬዳዋ ይሞቃል።

ኤፍራታ፦ ይላሉ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ፣ መሐል ከተማውን ለሁለት የሚከፍል። ካርታው ላይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ በእግሬ ግን ረግጬው አላውቅም። ስታዪው አሸዋ ብቻ ነው፣ ደረቅ ነው ብለሽ ትንቂዋለሽ። ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይናገር ይመጣል። ዳሩ ላይ ቤት እንዳትከራዪ። ርካሽ ነው ቢሉሽም እንዳትከራዪ።

ኤፍራታ፦ እሺ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ማይልኝ።

ኤፍራታ፦ እንዴ ጋሼ! ወንዝ ዳር አልከራይም፣ እትዬ ወይንሸትን!

ጋሽ ክፍሉ፦ እንግዲያው እንኪ። ስኪው።

ኤፍራታ፦ ተነሣ። አሁን «ያለውን በሙሉ ላጥፋ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ጋሽ ክፍሉ፦ እንዲህ ያለውን ደግሞ ሳይጠይቅ ቢያደርገው ይሻል ነበር። በቃ፣ አጥፋ በይው።

ኤፍራታ፦ አልኩት።

ጋሽ ክፍሉ፦ ከዚህ በኋላ ቤዛ ጋ የተሰካውን ፍላሽ ብሰካበትስ?

ኤፍራታ፦ ምንም አይሆንም።

ጋሽ ክፍሉ፦ ጭራሽ?

ኤፍራታ፦ ያ ቫይረስ ለዊንዶው ነው የተሠራው። እዚህ ሲመጣ የሚያውቀው ነገር ያጣል። ዝም ብሎ ፍላሹ ውስጥ ይቀመጣል።

ጋሽ ክፍሉ፦ ለብቻው?

ኤፍራታ፦ ለብቻው።

ጋሽ ክፍሉ፦ አሳዘነኝ። ኮምፒውተሩ የተበላሸ እንደሆነስ?

ኤፍራታ፦ ይደውሉልኛል። ድሬ ሆኜ በስልክ አስተካክልልዎታለሁ።

ጋሽ ክፍሉ፦ ካልተበላሸስ? ምን ብዬ እደውላለሁ?

ኤፍራታ፦ «አልተበላሸም» ብለው።

ጋሽ ክፍሉ፦ ተይ ኤፍራታ፣ አስበሽ ተናገሪ። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ እኮ፣ ይኼ ዕቃ የማይበላሸው በየቀኑ ነው።