በአጎት ቃል የተገኘ ሥራ

የሕንፃው አሳንሰር ስለተበላሸ አዛውንቱ ወደ ዓይን ሐኪማቸው የሚወጡት በደረጃ ነበር። ጉልበታቸውን እየረገሙ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆማ አዩ። ጥቁር ኮት ለብሳለች፤ ጫማዋ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ዓይን ቢደክምም የገዛ እህት ልጅ አትጠፋም።

«አንቺ! በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አመመሽ እንዴ?»

ሴትዮዋ በድንጋጤ ክው አለች። «ደህና ነኝ ጋሼ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እኔን ተይኝ። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ ወይስ ምን ተፈጠረ?»

ሆዴን አሞኝ ነው ብትል ያምኗት ነበር። ዳሩ ግን አጎቷን መዋሸት አልለመደባትም። «ፈቃድ ወስጄ ነው። እላይ ያለው የካርቶን ፋብሪካ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። አሁን ከገቡት ሰው ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ የደረጃውን ብረት ያዙ። አንባቢ ድንጋጤያቸውን እንዲረዳላቸው ስለ እሳቸው ጥቂት ማወቅ አለበት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚያው ማተሚያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው። ዘመድና ጎረቤት «የሁሉ ዋስ» ይላቸዋል። ይህን በጋራዥ፣ ያችን በክሊኒክ፣ ያኛውን በመጋዘን ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ትምህርቷን የጨረሰች ሰሞንም የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ቀርበው «እኔን ካመኑ እሷን ይመኑ» ብለው አስገቧት። ሀብት የላቸውም፤ ያላቸው ይህ ቃላቸው ነው። እንግዲህ ልጅቷ ልትለቅ የመጣችው ሥራ ብቻ አልነበረም፤ እሳቸው እንደሚያዩት የእሳቸውን ቃል ጭምር ነው።

«ሳትነግሪኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ብነግርዎ እንደሚቆጡ አውቅ ነበር።»

«እንዴታ! ያስገባሁሽ እኔ አይደለሁ? ነገ ባለቤቱን መንገድ ላይ ባገኛቸው ፊቴን የት አባቴ ላድርገው? ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ፤ አሁኑኑ እደውልላቸዋለሁ።» ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙ።

«ጋሼ በሞቴ! ይህኛው ሥራ ሳይያዝ ያኛው ቤት ከሰማ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኔ ነው። እስክጠራ ድረስ ይስሙኝ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።»

አዛውንቱ ማረፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ስልኩን ግን ወደ ኪሳቸው አልመለሱትም፤ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። የእሷም ዓይን ከጣታቸው ላይ አልተነሣም።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብለው ጀመሩ።

«ሰይጣንነቱንስ አመኑልኝ!»

«አፍሽን አታሹይብኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ ለዚህም ነው የብብቴን አጥብቄ የያዝኩት። እነዚህ ሰዎች ቢቀበሉኝ እንኳ የቅጥር ደብዳቤው በእጄ ሳይገባ መልቀቂያ አላስገባም። ከገባም በኋላ ሕጉ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ የሚተካኝን ሰው አሠልጥኜ፣ ሁሉንም ተሰናብቼ ነው የምወጣው። እንደ ሌባ በጓሮ በር አልወጣም፤ ስምዎንም አላሰድብም።»

አዛውንቱ ነገሩ እንዲህ በሥርዓት የታሰበ አልመሰላቸውም ነበር። ቢሆንም አልተረቱም። «እሺ፣ እዚያ ገብተሽ ምን ልትዪ ነው? እንዲህ ነኝ እንዲያ ነኝ እያልሽ ራስሽን ልታሞግሺ? እኛ ያሳደግናት ሴት?»

«ባለፈው ሌላ ቦታ ተጠርቼ ነበር ጋሼ። ያሳደጋችሁኝን ሆኜ ነበር የቀረብኩት። ምን ሠርተሻል ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ‹ሁሉም በአለቆቼ መልካም ፈቃድ ነው› አልኩ። ለምን ትለቂያለሽ ሲሉኝ የማተሚያ ቤቱን በደል መዘርዘር ጀመርኩና እንባዬ ቀደመኝ። ስንት ደመወዝ ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ ‹የወደዳችሁትን› አልኩ። ‹እናመሰግናለን› ብለው ሸኙኝ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልቀጥረኝም።»

«አንገት መድፋትማ ጨዋነት ነው።»

«በዘመድ መሀል ጨዋነት ነው፤ ልቤን ታውቁታላችሁ። እነዚያ ሰዎች ግን አያውቁኝም፤ ያላቸው ከአፌ የሚሰሙት ነው። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብል ውሸት ነው አይደል? የሠራሁትን አልሠራሁም ማለትስ ምን ይባላል?»

ሽንፈት የማይዋጥለት ሰው ክርክሩን ወደ ፈተና ይለውጠዋልና አዛውንቱም እንዲሁ አደረጉ።

«በይ እስቲ እኔ ልጠይቅሽ። ምን ሠርተሻል?»

ኮቷን አስተካክላ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ መጥቶብን በመሀሉ የመስፊያ ማሽኑ ተሰበረ። የጥረዛ ክፍላችንን በሁለት ፈረቃ ከፍዬ፣ ቀጫጭኖቹን በእጅ አሰፋሁ፤ ወፍራሞቹ ማሽኑ እስኪጠገን ቆዩ። ትምህርት ቤቶቹ ሳይከፈቱ አስረከብን።»

«ዛሬ ነገ ታገቢያለሽ፤ ትወልጃለሽ። ለምን እንቅጠርሽ?» አሉ ፊታቸውን አጨማደው።

«‹የሚያሳስባችሁ የሥራ ሰዓቱ ከሆነ የሌሊትም የቀንም ፈረቃ ሠርቻለሁ፤ በፈለጋችሁት መንገድ አጣሩ። የቤቴን ነገር ግን ለእኔ ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል› እላለሁ።»

«ደፋር!»

«ፈገግ ብዬ ነው የምለው።»

አዛውንቱም ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ልባቸውን የሚያቃጥለው ጥያቄ ገና አልወጣም ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያሳደገሽን ቤት ለምን ትለቂያለሽ?»

«ለእነሱ የምለው ‹ማተሚያ ቤቱ ሙያ አስተምሮኛል፤ አሁን ከዚያ የሰፋ ኃላፊነት እፈልጋለሁ› ነው። እውነት ነው፤ ማንንም አያማም። ለእርስዎ ግን የቀረውን ልንገርዎ። የክፍል ኃላፊነቱ ሁለት ጊዜ ክፍት ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ያሠለጠንኳቸው ወንዶች ተሾሙበት። ባለቤቱን ለምን ብዬ ብጠይቅ ‹አጎትሽን አመስግኚ፤ እሳቸው ባይኖሩ የት ትገቢ ነበር?› አሉኝ። እዚያ ቤት እኔ ሠራተኛ አይደለሁም ጋሼ። የእርስዎ ዘመድ ነኝ።»

«ሐሰት! እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ!»

ሴትዮዋ እስከ አሁን ስትፈራው የነበረውን ነገር ራሷ አቀረበችው። «እንግዲያው ይደውሉ። መልቀቄን ብቻ አይንገሩብኝ። ምን እንደምሠራ ይጠይቋቸው።»

ደወሉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልካቸው ደረጃው ሙሉ ይጮኻል፤ የባለቤቱም ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አባታችን! እንዴት ሰነበቱ? ጠፉ እኮ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺን የእህቴን ልጅ... ሥራዋ እንዴት ነው ልልዎ ነበር።»

«ኧረ ለእሷ አይስጉ! እርስዎን ብዬ ያስቀመጥኳት ልጅ አይደለች? እኔ እስካለሁ ማንም አይነካትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን... ምን ላይ ናት?»

«ያው ማጠፊያው ጋ መሰለችኝ። አዎ፣ ወረቀት ታጥፋለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ መኖሯም አይታወቅም።»

አዛውንቱ አመስግነው ዘጉ። ማጠፊያው ከትምህርት ቤት ወጥታ የተቀጠረች ሰሞን የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ መስፊያው፣ ከመስፊያው ወደ መቁረጫው አልፋ፣ ዛሬ ክፍሉን በሙሉ የምታንቀሳቅሰው እሷ እንደሆነች እሳቸው ራሳቸው በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ሲያወሩላት ኖረዋል። ባለቤቱ በክፋት አልተናገሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀል ነበር። ስጦታ የተቀበለ ሰው ስጦታውን ካስቀመጠበት ቦታ እንደማያነሣው ሁሉ እሳቸውም ልጅቷን አንዴ ተቀብለው አስቀመጧት፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብለው አላዩዋትም።

«ማጠፊያው ጋ!» አሉ አዛውንቱ። አፈሩ። ያፈሩት በእህታቸው ልጅ አልነበረም። መልካም ቃላቸው በር ከፍቶላታል ብለው ሲኮሩ፣ ያው ቃል ከበሩ አጠገብ አቁሟት እንደቀረ ገና አሁን ገባቸው። «ዋስሽ ሆኜ ወደ ኋላ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«እርስዎ በር ከፈቱልኝ ጋሼ፤ አልረሳውም። ቀሪውን ግን በእግሬ ልሂድ።»

ከላይ በር ተከፈተ። «ከማተሚያ ቤት የመጣችው!» የሚል የሴት ድምፅ ጠራ።

ሴትዮዋ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። አዛውንቱም የዓይን ሐኪማቸውን ተራ ረስተው ተከተሏት። ሁለት ደረጃ እንደወጡ ክንዷን ያዟት። «ደመወዝ ሲሉሽ ‹የወደዳችሁትን› እንዳትዪ!»

«ሌላ ቦታ የሚከፈለውን አጣርቻለሁ።»

«ጎሽ። እኔ ግን... ገባ ብዬ አንድ ቃል ብናገርልሽስ?»

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻቸው። በሩ ላይ የቆመችው ጸሐፊ «አባት፣ አብረዋት ነዎት?» ስትል የአዛውንቱ አፍ ዕድሜ ልኩን የለመደውን ሊል ተከፈተ። «እኔ ዋሷ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ በቂ ነበር። ትንፋሹን ዋጡት።

«አይደለሁም» አሉ። «ብቻዋን ነው የመጣችው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። አዛውንቱ ኮሪደሩ ውስጥ እንደ ምጥ ጠባቂ ባል ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩ። አንዴ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ፤ ጸሐፊዋ ስታያቸው የግድግዳውን ቀለም የሚመረምሩ መሰሉ።

ነገሩን ባጭሩ ለመጨረስ፣ ተቀጠረች። ቃሏንም ጠበቀች። የማስጠንቀቂያ ጊዜዋን ሳታጓድል ሠራች፤ የምታውቀውንም ለተተኪዋ አስተማረች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ያን ያህል ሥራ በአንዲት ሴት እጅ እንደነበረ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። «ደመወዝ ልጨምርልሽና ቅሪ» ቢሏት አመስግና ወጣች። በእሷ ምክንያት የክፍል ኃላፊነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ተሰጠ፤ ያለፈችውም ከዚያው ክፍል የተነሣች ሴት ናት። አዛውንቱ የፈሩት ውርደትም አልደረሰባቸውም፤ ባለቤቱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ኮፍያቸውን ያነሣሉ። ውለታ በሥራ ይከፈላል። ሰው ዕድሜ ልኩን ይክፈለው የተባለ ውለታ ግን ለሰጪውም ለተቀባዩም አይበጅም። ሴት ልጅ የሠራችውን በልኩ መናገር፣ የሚገባትን አጣርታ መጠየቅ፣ ስትለቅም ማንንም ሳታቆስል መውጣት ብትለማመድ የሚጠቀመው እሷ ብቻ አይደለችም፤ የምትሄድበትም የምትለቀውም ቤት ጭምር ነው።

ይህን አዛውንቱ ከማንም በላይ ያምናሉ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤት ልጇን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ አንድ ቃል ተናግረው የትም ያስገቡልኝ» አለቻቸው።

አዛውንቱ ወንበር ሳቡና ልጅቷን አስቀመጡ። «ምን መሥራት ትችያለሽ?»

እናትየዋ ልትመልስ ስትል እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁኝ የለ?»

«እኔ አላውቅም» አሉ። «ቀና በይና አንቺ ንገሪኝ።»