ቁርበቱን ያለፉት ሰው

ደብረ ታቦር የሰፈረው ጣሊያን የእርድ በሬ ጠፋበትና፣ የባንዳዎቹ አለቃ ቤቴን በርብሮ የምተኛበትን ቁርበት ጎትቶ አወጣላችሁ። «ይኸው የበሬው ቆዳ!» አለ። «ኧረ ጌታዬ፣ ስተኛበት የኖርሁት ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ! በአለንጋ ሲለመጥጠኝ ዋለ። ሲብስብኝ «እሺ፣ ሰርቄያለሁ» አልሁ።

በማግስቱ ባንዳው አስሮ ከጣሊያኑ ሹም ፊት አቆመኝ። የቀረኝ የስቅላቱ ገመድ ብቻ ነው። አገሬው ሊያይ ተሰብስቧል። ድንገት ቆዳ ፋቂው አያ ውብነህ ከሰው መሐል ወጥተው ቁርበቱን ዳሰሱት። «ጌታዬ፣ ይኼን ያለፋሁት እኔ ነኝ። በሬው የጠፋ ትናንት ወዲያ ነው። በሁለት ቀን እንዲህ የሚለሰልስ ቆዳ ካለ እኔ ሙያዬን ልተው!» ባንዳው በሰደፍ ቢላቸው፣ ወይ ፍንክች! አስተርጓሚው ቃላቸውን ነገረው፤ ሹሙ ቁርበቱን ቢያጥፈው እንደ ጋቢ ታጠፈለት። «ፍቱት» አለ።

እኔ እኮ ፋቂ ቡዳ ነው እያልሁ፣ እሳቸው በደጄ ባለፉ ቁጥር ልጄን ስሸሽግ የኖርሁ ሰው ነኝ። ያን ለት ከነቁስሌ ቤታቸው ሄድሁ። ልጄን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥሁና «አያ ውብነህ፣ ይመርቁልኝ» አልኋቸው።