ሰላምታ የተከለከለበት ሳምንት

ክቡራትና ክቡራን፣ የስምሪት ክፍል ባልደረቦቼ፣ ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች፣

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጅ እነሣለሁ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ ይህ ጋራዥ እንዲህ ተጠርጎ አይቼው አላውቅም። መሄዴ ይህን ያህል እንደሚያተጋችሁ ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እሰናበት ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሰው "አጭር አድርገው" ብለውኛል። እሞክራለሁ። ዛሬ ጠዋት የደረሰን ደብዳቤ ግን እጄ ላይ ነው። እሱን ከማንበቤ በፊት ስህተቴን ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት፣ በ1989፣ የላፍቶ ተሳፋሪ አንድ ሰዓት ቆሞ ሲጠብቅ ይቆይና ሦስት አውቶቡስ ተከታትሎ ይመጣለት ነበር። ስምሪት ክፍል አውቶቡሶቹ የት እንደዋሉ የሚያውቀው ጋራዥ ሲገቡ ነው። እኔ ደግሞ በውጭ አገር መጽሔት፣ አውቶቡስ ራሱ ያለበትን የሚናገርበት "አስተዋይ ትራንስፖርት" የሚባል ነገር አንብቤ ዕረፍት አጣሁ። ኮምፒዩተሩ የለንም። የሚናገር ሾፌር ግን መቼ አጥተን እናውቃለን?

ለአሥራ ሁለት አውቶቡስ መገናኛ ሬዲዮ፣ ሁሉም ተራ በተራ የሚነጋገርበት አንድ ቻናል፣ የሦስት ወር ሙከራ ተፈቀደልኝ። ካልተሳካ ሬዲዮዎቹ ወደ መጋዘን፣ ተሳፋሪውም ወደ ጥበቃው ይመለሳል።

መጽሔቱ "አንድ ጥሪ ስምንት ሰከንድ ይፈጃል" ይላል። በዚያው ቀመርኩት። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ሸዋረገድ ከስምሪት ጠረጴዛዋ ሾፌራችንን ሂርጳን ጠራችው።

"ሂርጳ፣ የት ደረስክ?"

"እትዬ ሸዌ! እንዴት አደርሽ? ልጆቹ ደህና? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ?"

"ተመስገን። ሚስትህ ተሻላት? የት ደረስክ?"

"ድናለች። እናትሽስ? መካኒሳ ነበርኩ፤ አሁንማ አልፌዋለሁ።"

አሥራ አንድ ሾፌሮች ተራ ይጠብቃሉ። ጣልቃ የሚገቡትም "ሂርጳ፣ እንኳን ማራት!" ለማለት ነው።

አቶ ደምሰው ማስታወቂያ ለጠፉ፤ "በሬዲዮ ሰላምታ መለዋወጥ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው።" ሬዲዮዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ጭጭ አሉ። ሂርጳን "ምን ነካችሁ?" ብዬ ብጠይቀው፦

"ኢንጂነር፣ እንዴት አደርሽ ሳልላት ምን ብዬ ልጥራት? እኔስ በደፈናው 'የት ነህ?' የምባለው ምን ሰርቄ ነው?"

ስሌቴ እንከን አልነበረበትም፤ ሰዎቹ ግን እናንተ ነበራችሁ። የሌላ አገር ሰው የሚፈጀውን ሰከንድ ወስጄ በእናንተ አፍ ለካሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ሸዋረገድ ናት። "ጠዋት ከበር ሳይወጡ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሰላም ብላቸውስ?" አለችኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሁሉም ሬዲዮ ገባች። የታመመ ተጠየቀ፣ ያዘነ ተጽናና፣ የወለደች እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባለች። ከዚያ ወዲያ "የት ነህ?" ማንንም አላስቀየመም። ጥሪው ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። ከስምንቱ የበለጠችውን አንዷን ሰከንድ ለኢትዮጵያዊነት መድቤያታለሁ።

በሙከራው የመጨረሻ ሳምንት መካኒሳ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገድ ሲዘጋ ሂርጳ አንዴ ብቻ ጠራ። ሸዋረገድ ከኋላው ያሉትን አራት አውቶቡሶች በጎፋ አዞረቻቸው። በዚያ ቀን ላፍቶ ላይ ማንም አንድ ሰዓት አልቆመም! አቶ ደምሰው ማስታወቂያቸውን በገዛ እጃቸው ቀደዱት።

እነሆ ደብዳቤው። ሬዲዮው በስልሳ አውቶቡሶች፣ በሁሉም መስመር እንዲገባ ተፈቅዷል! እኔ በምወጣበት ቀን። ቀናሁ ብል ውሸት አይደለም፤ ደስታዬ ግን ቅናቴን ጥሎታል።

ዕቅዱን የምትረከቢው ውዳሴ፣ አንድ ቻናል ስልሳ አውቶቡስ አይችልም። ስንት ቻናል እንደሚያስፈልግ ግን ከመጽሐፍ አትጀምሪ። መጀመሪያ ተሳፈሪ፤ አዳምጪ፤ ከዚያ ቀምሪ። እኔም ከነገ ጀምሮ ተሳፋሪ ነኝና ከዘገያችሁ እዚህ ጋራዥ ድረስ የሚሰማ አቤቱታ አሰማለሁ።

ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ፍሬናችሁ ይያዝ። ስትጠሩ የሚሰማችሁ አትጡ፤ የሚጠብቃችሁም ሳይመሽበት ድረሱለት። አሜን በሉ!