ባለ መነጽሩ ፈረንጅ

በደርግ ዘመን፣ ለንደን የገባን ሰሞን ነው። እኔና የሆሎዌይ ሰፈር ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ ከከተማው በባቡር ወጥተን፣ ከባሕር ጥግ ባለ ወፍ የሞላበት ሐይቅ ዙሪያ በእግራችን እንዞራለን። ድንገት ጋሽ ተፈራ ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ። አንድ ፈረንጅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ፣ ሩቅ በሚያሳይ መነጽር እያየ ደብተር ላይ ይጽፋል።

"ደርግ ነው የላከው! ዞረህ እንዳታይ!"

"ኧረ ጋሽዬ፣ እኛን ብሎ ማን..." ሳልጨርስ ሰውዬው ፈገግ ብሎ መጣና ደብተሩን አሳየን። ገጹ ሁሉ የወፍ ስም ነው።

"ለዳክዬም ጆሮ ጠቢ መደቡላት!" አሉ ጋሽ ተፈራ በአማርኛ። ስማችንን ሲጠይቀን ግን ዓይናቸውን ሳያሹ "ከበደ እባላለሁ" አሉት።

እስከ ሆሎዌይ ድረስ ስስቅባቸው መጣሁ። ከባቡር ስንወርድ ዞር አሉና፣ "ለመሆኑ አንተስ ማን ነኝ አልከው?" አሉኝ።

ሳቄ ቆመ። የአጎቴን ስም ነበር የሰጠሁት።