መብራቱ ይሠራል

ነይ እስቲ፣ በርጩማው ላይ ውጪልኝ… ቀስ ብለሽ፣ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ካርቶን አስደግፌዋለሁ። ጫማሽን አታውልቂ። ከነጫማሽ ካልለካሁሽ ጠርዙ ይሸውደኛል። ፌስታሉን ወንበሩ ላይ አድርጊው እናቴ፤ ጠረጴዛው ላይ አይሆንም፣ ካውያው ግሏል። ውስጡ ያለው ነገር ቢቃጠልብን ለላከው ሰው ምን ብለን እንመልሳለን?

ቤት እንዴት ናችሁ? ሁሉም ደህና? እሰይ። አየሩም ዛሬ ደስ ይላል። ይህ ሰማያዊ ደግሞ ሲያምርብሽ! በይ ቀጥ በይ፣ እጅሽን ወደ ታች። አሁን ዙሪያሽን ሃምሳ እስፒል ልሰካ ነው፤ ብትስቂም ብትናገሪም የሚወጋሽ እስፒሉ እንጂ እኔ አይደለሁም። ዝም ብለሽ ስሚኝ። እኔ እንደሆነ እየሰካሁ ካላወራሁ መስመሩ ይጣመምብኛል።

አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። አንቺ አታውቂያትም። እኔ ግን በደንብ አውቃታለሁ፤ የምንጠቀመው በአንድ መቀስ ነው፣ የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው፣ የእሷ መነጽር ሲጠፋ እኔም አይታየኝም። ሞኝ ናት። ሞኝነቷን የማወራልሽ ስለምወዳት ነው፤ ሌላ የሚወድላት ሰው ቢኖር ለእሱ በተውኩለት ነበር።

ይቺ ሰፊ ታላቅ እህት አለቻት። እሷን ደግሞ ጭራሽ አታውቂያትም። እንዳንቺ ያለች ጨዋ ልጅ የወለደች ሴት ልትሆን ስለማትችል ልብሽ አይደንግጥ። ብቻ ደግ ናት… ደግነቷን ምን ብዬ ልንገርሽ? አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ቀድማ የምትገዛው እሷ ናት። ለራሷ ብላ እንዳይመስልሽ! ለታናሽ እህቷ ብላ ነው። አዲስ ጫማ እግር ይልጥ የለ? እሷም ስልኩን ሁለት ሦስት ዓመት አለማምዳ፣ አለስልሳ ነው የምትሰጣት። ስክሪኑን እንኳ ራሷ ሰንጥቃ ነው የምትሰጣት፣ ታናሽየዋ «ይሰነጠቅብኝ ይሆን» እያለች እንዳትጨነቅ። እንዲህ የምታስብ እህት ዛሬ ከየት ይገኛል?

አራት ስልክ ነው እንዲህ አድርጋ የሰጠቻት። የመጀመሪያው አንገት ዘንበል ካላደረጉለት ድምፅ አያሰማም ነበር። ሁለተኛው ከቻርጀሩ ከተነቀለ ይሞታል፤ ሰፊዋ ሶኬቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር የምታወራው፣ በመስኮት ያየ ሰው ከግድግዳ ጋር የምትጨቃጨቅ ነበር የምትመስለው። ሦስተኛው እንደ ካውያ ይግላል፤ በብርድ ጊዜ ግን ደህና ጓደኛ ነበር፣ አልክድም። እህትየዋ ታዲያ እያንዳንዱን ስትሰጥ አንድ የማትረሳት ቃል አለቻት። «ትንሽ ትንሽ ችግር አያጣውም፤ ግን መብራቱ ይሠራል።»

እውነቷን ነው! የአራቱም መብራት ይሠራ ነበር። ሰፊዋም አመስግና ተቀብላ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታሾልክ ታበራዋለች። መቼም እህት የእህቷን ልክ ካላወቀች ማን ይወቅላት?

አራተኛው የመጣ ጊዜ ግን… ትንሽ ወደ ግራ ዙሪልኝ፣ እንዲያ… እህትየዋ ቸኩላ ስለነበር ውስጡን ሳታጠራ ነው የሰጠቻት። የቁጥር መዝገቧ እንዳለ አብሮ መጣ። ሰፊዋ የሰው ነገር የምታይ ሴት አይደለችም። ትንሽ ብቻ ነው ያየችው። ከሀ እስከ ፐ። ታዲያ እየወረደች ወረደችና «ላውንደሪ» የሚል አገኘች። ቀጥሎ «ልብስ ሰፊ» ይላል። ቀጥሎ «መስታወት ቆራጭ»።

ልብስ ሰፊ! ደሟ ፈላ። «እህቴ በእኔ ላይ ሌላ ሰፊ ይዛለች! ያን ግራጫ ኮት የሰፋችላት ይቺ ናት ማለት ነው! ገበሩ ያበጠውን!» በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ስድቧን በየመልኩ ደረደረችና ደወለች። መስመሩ ተይዟል። ቆይታ ደወለች፣ ተይዟል። «እንዴት ያለ ሥራ ቢበዛላት ነው!» ብላ ይባስ ቀናች። ሦስት ጊዜ ነው የደወለችው እናቴ። በሦስተኛው ቁጥሩን ጮክ ብላ ስታነበው፣ በሩ ላይ ቀለም ቀብታ የለጠፈችው የራሷ ቁጥር ሆኖ አገኘችው።

አየሽልኝ? የሰፈሩን ሰው ወገብ በቃሏ የምታውቅ ሴት የገዛ ስልኳን ቁጥር አታውቅም። እሱን ትተሽ፣ ራሷን ለመሳደብ ራሷ ጋ ስትደውል ነው የዋለችው። መስመሩ ስለተያዘ ነው እንጂ ያን ስድብ ሁሉ ልትጠጣው ነበር።

በጣም ነው የሳቀችው። እኔም አብሬያት ስቄያለሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

ለመሆኑ ምን ክፋት አለው? ልብስ ሰፊ አይደለችም? ናት። ውሸት ተጽፏል? አልተጻፈም። እህትየዋ ሥርዓት ያላት ሰው ናት፣ ሰውን በሙያው ነው የምትመዘግበው። ብቻ… ወንድማቸው «ወንድሜ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። እሱም እኮ ሙያ አለው፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የልጇ ስም አጠገብ ደግሞ ልብ ተደርጎበታል። ቀይ ልብ… ኧረ አትንቀሳቀሺ! ወጋሁሽ? አይዞሽ። የእስፒል ነው፣ ቶሎ ይጠፋል።

ያን ቀን ሰፊዋ በመቀሷ ማለች። አምስተኛውን ስልክ ራሷ ልትገዛ፣ አዲስ፣ ለሽያጭ በወጣበት ቀን፣ ከእሷ በፊት የማንም ጣት ያልነካውን። ከዚያ በኋላ የሆነችውን ብነግርሽ በርጩማው ላይ መቆም ያቅትሻል።

ዘንድሮ የሚወጡት ሁለት ናቸው ተባለ፤ ባለ ሁለት ዓይኑና ባለ አራት ዓይኑ። ካሜራውን ነው ዓይን የምለው። ትንሹና ትልቁ በዪው። ሰፊዋ ሦስት ወር አጠናች። የስፌት መኪናው ላይ የአራተኛውን ስልክ አስደግፋ፣ ስለ አምስተኛው የሚያወራ ቪዲዮ ስታይ ዋለች። ሁለት ሱሪ ገልብጣ ሰፍታለች በዚህ ምክንያት። ባለቤቶቹ እስካሁን አላወቁም፣ አንቺም አልሰማሽም። የደንበኛ ልክ በምትጽፍበት ደብተሯ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ስልኮች መዘገበቻቸው፦ ቁመት፣ ወገብ፣ ውፍረት። ለትልቁ «ወገቡ ላይ ደልደል ያለ» ብላ ጻፈችበት። ከካርቶን የሁለቱንም ልክ ቆረጠች፣ በሽርጧ ላይ ሁለት ኪስ ሰፋች፣ ትንሹን በቀኝ ትልቁን በግራ አድርጋ ሳምንት ሙሉ ሠራችባቸው። አንዴ ትልቁን ካርቶን አውጥታ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። አዎ፣ ካርቶኑን። ደንበኛ ቆሞ እያያት። ምን ታድርግ? «ሄሎ» አለችበት።

ፍርዱ ወጣ። ትንሹ ነው ልኳ። ኪስ ይገባል፣ እጅ ይሞላል፣ ለዓይኗም ይበቃል። ተወሰነ፣ በደብተሩ ተሠመረበት።

ይህን ለእህቷ ባትናገር ምን ነበረበት? አላስቻላትም። ደወለችና «አዲሱን ልገዛ ነው» አለቻት። እህትየዋ ሳቀች፤ የሚያምር ሳቅ ነው ያላት፣ አንቺም አፍሽ ላይ ትንሽ… ተዪው። «አንቺ እቴ! አዲስ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። «ዝም ብለሽ ጠብቂ። ትልቁን እኔ እገዛዋለሁ፣ ያሁኑን ላንቺ እልክልሻለሁ። መብራቱ እንደሆነ…» ይሠራል አሉ። ድካሟን አየሽ? ማጥናት ምን አደከማት፣ መሰለፍስ ምን አስፈለጋት፣ አሮጌው ሰተት ብሎ ቤቷ ሊመጣላት!

ስልኮቹ በወጡበት ቀን ሰፊዋ ገና ሱቆቹ ሳይከፈቱ ተሰለፈች። በሯ ላይ «ልክ ለመውሰድ ሄጃለሁ» ብላ ለጥፋ ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ከፊቷ የቆመው ሰውዬ የሱሪው አንድ እግር በሁለት ጣት ይረዝማል። ሰልፉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያን እግር ስታይ አማጠች። ከኋላዋ ላሉት ደግሞ ስለ ባትሪ፣ ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ጊጋባይት ሰበከቻቸው። አንዷ «እትዬ፣ እዚህ ነው የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀቻት። ኩራቷን ልነግርሽ አልችልም።

ተራዋ ደረሰ። ሻጩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ሁለቱንም ስልክ ከፊቷ ደረደረላት። «ለምን አገልግሎት ነው የሚፈልጉት?» አላት።

ሦስት ወር ያጠናች ሴት! ጊጋባይት የሰበከች ሴት! አፏን ከፈተች… «ለመብራት» አለች።

ምላሷ ነው እናቴ፣ ከአራት ስልክ በኋላ ምላሷም ለምዶት ነው። ሰውዬው አልሳቀባትም፣ ይባስ ብሎ ቁምነገር አደረገው። የሁለቱንም መብራት አበራና ባንኮው ላይ አስተኛቸው። «አንድ ዓይነት ናቸው» አላት። «ለመብራት ከሆነ ትንሹ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም እውነቱን ልንገርዎ፣ የያዙትም ይበቃዎታል።»

ይበቃዎታል! እህትየዋ ከልጅነት ጀምሮ የነገረቻትን ነገር፣ ይኸው የማያውቃት ሰው በሁለት ደቂቃ ደረሰበት። ታዲያ የትኛውን የገዛች ይመስልሻል? ልኳ የሆነውን፣ በደብተር የተሠመረበትን? ትልቁን! ለምን እንዳትዪኝ። ለዓይኑ አይደለም፣ ለባትሪው አይደለም። እህትየዋ «ትልቁን እኔ እገዛዋለሁ» ስላለች ብቻ ነው። የሦስት ወር ጥናት፣ የካርቶን ልክ፣ ሁለት የተገለበጠ ሱሪ፣ ሁሉም በአንዲት ምቀኝነት ተጠቀለለ። ኪሷ እንኳ አይገባም፣ ሦስተኛ ኪስ ሰፍታለታለች። ሲደወል ለማውጣት ሽርጧን ትፈታለች። ሞኝ ናት ብዬሽ አልነበር?

ብቻ አንድ ነገር አለ። ሻጩ ሲከፍትላት ስልኩ ስም ጠየቀ። የእህቷን ስም ልትነግረው ነበር! እስከዚያ ቀን የነካችው ስልክ ሁሉ ሲበራ «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚለው እህቷን ነበርና። አፏ ላይ ያዘችውና የራሷን ጻፈች። አንድ ፊደል ሳተች፣ መልሳ ጻፈች። ስልኩም በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ምን ቀራት? እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር የተሰለፈችው፣ ማንም አልነገራትም።

መዝገቡ ባዶ ነው። መጀመሪያ ማንን ትመዝግብ? እህቷን ነዋ። ቁጥሯን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የራሷን እንጂ የእህቷን ረስታ አታውቅም። ሥርዓቱንም ከእህቷ ተምራለች፣ ሰው በሙያው ነው የሚመዘገበው። ቆማ አሰበች። ሙያዋ ምንድን ነው? ወዲህ አሰበች፣ ወዲያ አሰበች… ከኋላዋ ሰልፉ አጉረመረመ። የኋላ የኋላ ሌላ ሙያ ስላጣችላት «እህቴ» ብላ መዘገበቻት።

በይ ጨርሻለሁ። መስታወቱን ተመልከቺ። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ነው፣ አይደል? ቀስ ብለሽ ውረጂ። ሐሙስ ተሰፍቶ ያልቅልሻል፤ አንቺ ምን በደልሽ፣ ለአንቺ በእጅ ነው የምሰፋው።

ፌስታሉን ግን መልሰሽ ይዘሽው ሂጂ። አልከፈትኩትም፣ ግን መብራቱ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ይኸው፣ አራተኛውንም አብረሽ ያዢው፣ ባለቤቱ ለሆነችው ሴት ስጪልኝ። ሰፊዋ ውስጡን በሙሉ አጥርታዋለች፤ ወንድሙም፣ ላውንደሪውም፣ ልቡም ጠፍቷል። የተወችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ድንገት የሚጠብ ቀሚስ ቢኖራት ሰፊ ፍለጋ እንዳትንከራተት ብላ ነው።

ለዚያች ደግ እህትም ይህን ምርቃት አድርሺልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት። ጉልበቷን ያጽናላት፣ ጆሮዋን ይጠብቅላት። ሁለት ሦስት ዓመት ምን አላት… ሰፊዋ ይቺን ትልቋን አለማምዳ፣ አለስልሳ፣ ስክሪኗንም በገዛ እጇ ሰንጥቃ ቤቷ ድረስ እስክትልክላት ያኑርልን። መብራቱ እንደሆነ አታስብ፣ ይሠራል።